በሳምንት አራት ምሽት አብሮኝ የሚያመሽ ጊታር፦ ያማሃ ፓሲፊካ 112ቪ

ይህን ጊታር ከገዛሁ አምስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። በሳምንት አራት ምሽት እሠራለሁ፤ አንዳንዴ አምስት ይሆናል። አንዱ ሥራ ከሦስት ሰዓት አያንስም። ሰርግ ሲሆን ደግሞ ከዚያም ይረዝማል። ስለዚህ የምጽፈው ሱቅ ውስጥ አሥር ደቂቃ ነካክቼ ስለተውኩት ዕቃ አይደለም። ላቤ የገባበት፣ በመኪና ኋላ ተጭኖ የተንገላታ፣ እንጀራዬን የማገኝበት ጊታር ነው።

መድረክ የጀመሩ ልጆች አንድ ጥያቄ ደጋግመው ይጠይቁኛል። ኪስ የማይጎዳ፣ ሰው ፊት የማያሳፍር ኤሌክትሪክ ጊታር የቱ ነው ይሉኛል። መልሴ ፓሲፊካ 112ቪ ነው። ግን ስሙን ብቻ ይዛችሁ እንድትሄዱ አልፈልግም። ለምን እንደመረጥኩት ካወቃችሁ፣ ይህን ባታገኙ እንኳ ሌላ ጥሩ ጊታር ለይታችሁ ትገዛላችሁ።

ከዚህ በፊት የነበረኝን ጊታር ስም አልጠራም። ሲያዩት ያምራል። ቀለሙን አይቼ ነው የገዛሁት። ቤት ውስጥ ስለማመድበት ምንም አላለኝም። መድረክ ላይ ሲወጣ ግን ጉዱ ታየ። በየዘፈኑ መሃል ጎንበስ ብዬ እቃኛለሁ። ሁለተኛው ዘፈን ሳያልቅ ሦስተኛው ክር ከቅኝት ወጥቷል። አንድ ምሽት ደግሞ ሶሎ ልገባ ስል የፒክአፕ (የክሩን ንዝረት የሚለቅመው ዕቃ) መምረጫውን ወደ ኋላ ገፋሁት፤ ድምፁ ጥፍት አለ። መለስኩት፤ ተንኮሻኮሸ፣ መጣ፣ ሄደ። ድምፃዊቷ ዞር ብላ አየችኝ። ኪቦርዲስቱ ነገሩ ገብቶት ሶሎውን እሱ ተጫወተው። ዛሬም ድረስ አመሰግነዋለሁ። ያ ምሽት ግን ከውስጤ አልወጣም።

ሥራው ሲያልቅ ጋሼ የምንለው አንጋፋው ቤዚስታችን ጊታሬን ተቀበለኝ። ገላውን ወደ ዓይኑ አስጠጋና ጠመንጃ እንደሚያነጣጥር ሰው በአንገቱ ላይ ወደ ጊታሩ ራስ፣ መቃኛዎቹ ወዳሉበት ጫፍ አየ። «ልጄ፣ መምረጫው ነገ ይቀየራል። ይሄ አንገት ግን ተጠማዟል። የገዛኸው ቀለም ነው፤ ቀጥሎ ስትገዛ አንገት ግዛ» አለኝ።

የጋሼ ምክር ትክክል መሆኑን በእጄ አይቼዋለሁ። ፒክአፕ ይቀየራል። መምረጫ፣ ቮልዩም፣ መቃኛ፣ ሁሉም ይቀየራል፤ ውድም አይደለም። አንገቱ ከተጠማዘዘ ግን የቀረው ዕቃ ቢያምርም ዋጋ የለውም። ጊታር ላይ ብዙ ነገር የሚሸከመው አንገት ነው። 10-46 የሚባለው የክር ስብስብ በትክክለኛ ቅኝት ሲወጠር፣ ስድስቱ ክሮች ተደምረው ከ40 ኪሎ በላይ ይስባሉ። ሌሊትም ቀንም፣ ቦርሳ ውስጥ ሆኖም ጭምር።

እንዴት ነው የሚታየው? ሱቅ ውስጥ ጋሼ እንዳደረገው አድርጉ። መጀመሪያው ላይ ያሉት ፍሬቶች (አንገቱ ላይ የተጋደሙት ቀጫጭን ብረቶች) እና መጨረሻው ላይ ያሉት እኩል ተጋድመው መታየት አለባቸው። አንዱ ወደ ግራ ሌላው ወደ ቀኝ ካዘመመ ጊታሩን መልሱት። ቀጥሎ ወፍራሙን ክር በአንድ እጃችሁ መጀመሪያው ፍሬት ላይ፣ በሌላው መጨረሻው ፍሬት ላይ ተጫኑት። ክሩ ማስመሪያ ሆነላችሁ። አሁን ሰባተኛው ፍሬት አካባቢ በክሩና በፍሬቱ መካከል ያለውን ክፍተት እዩ። ሩብ ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆን ጥሩ ነው፤ የቢዝነስ ካርድ ውፍረት በሉት። ክፍተቱ በጣም ከሰፋ አንገቱ ወደ ፊት ጎብጧል። ጭራሽ ክፍተት ከሌለ ወደ ኋላ ሄዷል። ሁለቱም በሽታ የሚያሰኙ አይደሉም። አንገቱ ውስጥ ትረስ ሮድ የሚባል የብረት ዘንግ ተቀብሯል። እሱን ሩብ ዙር ያህል በማጥበቅ ወይም በማላላት ይስተካከላል። ከሩብ ዙር በላይ በአንድ ጊዜ አታዙሩት። የማይስተካከለው ጥምዘዛው ነው።

ከዚያ እያንዳንዱን ክር፣ እያንዳንዱን ፍሬት አንድ በአንድ ተጫወቱ። አዎ፣ ከመቶ በላይ ኖታ ነው። ሻጩ ቢሰለችም ይጠብቅ። የሚንጫጫ ወይም የሚታፈን ኖታ ካለ እዚያው ታገኙታላችሁ። ቀጫጭኖቹን ክሮች ከአሥራ ሁለተኛው ፍሬት በላይ ቤንድ አድርጉ፤ ማለትም ተጭናችሁ ወደ ጎን ግፏቸው። ድምፁ መሃል ላይ ከሞተ ሶሎ ስትጫወቱም ይሞትባችኋል። መዳፋችሁንም በአንገቱ ጠርዝ ላይ አንሸራቱት። እንጨት ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ብረት አይሰበሰብም። ስለዚህ የፍሬቶቹ ጫፍ ወጣ ብሎ እጅ ሊወጋ ይችላል። ባለሙያ በሞረድ ያስተካክለዋል፤ ግን ከመግዛታችሁ በፊት እወቁት።

ፓሲፊካውን በዚህ ሁሉ ፈትኜ ነው የወሰድኩት። ሱቁ ውስጥ ከነበሩት ሦስት ተመሳሳዮች ሁለቱን አወዳድሬ የተሻለውን መረጥኩ። አንድ ሞዴል ስለሆኑ አንድ ዓይነት ናቸው ብላችሁ አታስቡ። እንጨት ነው፤ ይለያያል።

አንገቱ ሜፕል ነው። ፍሬቶቹ 22 ናቸው። ጣት የሚያርፍበት ሰሌዳ ከጫፉ ሲታይ ትንሽ ቆልመም ያለ ነው፤ የዚህ ቆልማማነት መለኪያ ፓሲፊካ ላይ 350 ሚሊ ሜትር ነው። በድሮዎቹ የፌንደር ኩባንያ ጊታሮች 184 ሚሊ ሜትር ነበር። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ሰሌዳው ይበልጥ ጠፍጣፋ ይሆናል። ጥቅሙ ምንድነው? ክሩን ዝቅ አድርጋችሁ ቤንድ ስታደርጉ ኖታው አይታፈንም። አራት ሰዓት የሚጫወት ሰው ክሩ ዝቅ ያለ ጊታር ይፈልጋል፤ ሌሊቱ ሲገፋ ጣት ይደክማላ። እኔ አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ቀጭኑን ክር 1.6፣ ወፍራሙን 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አድርጌዋለሁ። ንጹህ ነው።

ሌላም ነገር አለ። የፓሲፊካ ራስ እንደ ፌንደር ከአንገቱ ጋር ቀጥ ያለ ነው። ሌስ ፖል በሚባሉት የጊብሰን ኩባንያ ዓይነቶች ላይ ራሱ ወደ ኋላ ያዘነበለ ነው፤ ያ ቦታ ደግሞ ለትረስ ሮዱ ስለሚቦረቦር ይሳሳል። ከማቆሚያው ላይ ወደ ኋላ ከወደቀ እዚያ ጋ የመሰበር ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። መድረክ ጠባብ ነው፤ ኬብል ይጎተታል፤ ሰው ይጋፋል፤ ጊታር ይወድቃል። ቀጥ ያለ ራስ ይህን ይችላል። አንገቱም በአራት ብሎን የታሰረ ስለሆነ የከፋ ቢመጣ እንኳ አንገት ብቻ ይቀየራል።

አሁን ወደ ቅኝት ልምጣ። ይህ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ጊታር ከቅኝት ሲወጣ ሁሉም መቃኛውን ይከሳል። ሄዶ ውድ መቃኛ ያስገጥማል። ችግሩ ግን አይለቅም። በእኔ ልምድ ከአሥር ሰባቱ ጊዜ ጥፋቱ ነት የምንላት ቁራጭ ላይ ነው። ክሩ ከጊታሩ ራስ ወደ አንገቱ ሲወርድ የሚያርፍባት፣ ስድስት ቦይ ያላት ቀጭን ነገር። ቦዩ ከጠበበ ክሩን ይይዘዋል። ስትቃኙ «ቲንግ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ክሩ ተይዞ ድንገት መለቀቁ ነው። ቤንድ ስታደርጉም እንዲሁ ይሄዳል፤ ሲመለስ ግን ሙሉ በሙሉ አይመለስም። መፍትሔው ቀላል ነው። ክር ስትቀይሩ የቦዩን ውስጥ በእርሳስ ቀቡት። የእርሳስ ግራፋይት ያንሸራትታል። ካልበቃ ባለሙያ ቦዩን በትንሹ ያሰፋዋል። የፓሲፊካ 112ቪ ነት ተራ ሰው ሠራሽ ቁስ ነው። እኔ እርሳስ እየቀባሁ እስከ ዛሬ አልቀየርኩትም።

የክር አጠማጠምም ቀላል ነገር አይደለም። መቃኛው ላይ ሁለት ወይም ሦስት ዙር ይበቃል። ስድስት ዙር የሚጠመጥሙ አይቻለሁ፤ ያ ሁሉ ዙር መድረክ ላይ ቀስ እያለ ይላላል። አዲስ ክር ካስገባችሁ በኋላ እያንዳንዱን በእጃችሁ ሳብ ሳብ አድርጉና መልሳችሁ ቃኙ። አራት አምስት ጊዜ ደጋግሙት። ክሩ መወጠሩን እዚያው ቤት ይጨርስ። በሥራ ቀን ማታ ክር ቀይሮ መድረክ የሚወጣ ሰው ሲያጋጥመኝ አዝናለሁ።

ፓሲፊካ ከኋላው ሞላ ያለው፣ በዘንግ የሚነቃነቅ ብሪጅ (ክሮቹ ገላው ላይ የሚያርፉበት ብረት) አለው። እኔ ዘንጉን ብዙም አልጠቀምበትም። ስለዚህ ከኋላ ያለውን ሽፋን ፈታሁ፤ ሞላዎቹን የያዙትን ሁለት ብሎኖች በካቻቢቴ አጠበቅኩ፤ ብሪጁ ገላው ላይ ተኛ። ይህን ማድረጌ ሁለት ጊዜ አድኖኛል። ለምን መሰላችሁ? ብሪጁ ተንሳፍፎ ከሆነ በክሮቹና በሞላዎቹ መሳሳብ ነው ሚዛኑን የሚጠብቀው። አንድ ክር ሲበጠስ ሚዛኑ ይፈርሳል፤ የቀሩት አምስቱ ሁሉ ከቅኝት ይወጣሉ። ተኝቶ ከሆነ ግን በአምስት ክር ዘፈኑን ትጨርሳላችሁ። ክር ደግሞ ይበጠሳል። የማይበጠስ ክር የለም። ፍሎይድ ሮዝ የሚባለው ክሩን በሁለት ጫፍ የሚቆልፍ ብሪጅ ለቅኝት እጅግ አስተማማኝ ነው፤ ክር ሲበጠስ ግን ያው ነው፤ ለመቀየርም ጊዜ ይወስዳል። ሁለተኛ ጊታር ሳይዙ በእሱ ብቻ ሥራ መውጣትን አልመክርም።

ድምፁስ? እዚህ ጋ ነው ፓሲፊካ ልቤን የወሰደው። ሦስት ፒክአፕ አለው። ከአንገት በኩል ያሉት ሁለቱ ነጠላ ጥቅል፣ ብሪጅ አጠገብ ያለው ደግሞ ባለ ሁለት ጥቅል፣ ሀምበከር የሚባለው። አምስት ቦታ ያለው መምረጫ አለ። አንድ ቮልዩም፣ አንድ ቶን። በቃ። እኛ በአንድ ምሽት ስንት ዓይነት ዘፈን እንደምንጫወት አስቡት። ቀጭን፣ ንጹህ ሪትም የሚፈልግ አለ። ለስለስ ያለ ዘገምተኛ አለ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ሰው ሁሉ ሲነሳ ድምፁን የሚያሻክረው ዲስቶርሽን ተረግጦ ሶሎ ይመጣል። ለሪትሙ መሃልና አንገት ያሉትን ፒክአፖች አንድ ላይ እጠቀማለሁ። ለሶሎው መምረጫውን ወደ ኋላ እገፋለሁ፤ ሀምበከሩ ይሞላል። ጊታር አልቀይርም።

ሀምበከር ለምን እንደሚያስፈልግ ያወቅኩት መድረክ ላይ ነው። ነጠላ ጥቅል ፒክአፕ ማግኔት ላይ የተጠመጠመ ሽቦ ነው። የክሩን ንዝረት ብቻ ሳይሆን ከመብራት መስመርና ከመድረክ መብራቶች የሚወጣውንም ይለቅማል። ያ «እዝዝዝ» የሚለው ድምፅ እሱ ነው። ቤት ውስጥ ብዙም አይሰማም። ብርሃኑ በበዛበት መድረክ ላይ፣ ዲስቶርሽን ሲጨመርበት ግን ጆሮ ይበሳል። በ1955 እ.ኤ.አ. የጊብሰኑ መሐንዲስ ሴት ላቨር መላ አበጀለት። ሁለት ጥቅል ጎን ለጎን አደረገ፤ ሽቦውንም ማግኔቱንም በተቃራኒ አቀናጀ። ከውጭ የሚገባው ጩኸት እርስ በርሱ ይጠፋፋል፤ የክሩ ድምፅ ግን ይደመራል። ፓሲፊካ ላይ ደግሞ የቶኑን ማዞሪያ ወደ ላይ ስትስቡት ከሀምበከሩ አንዱ ጥቅል ብቻ ይቀራል። ድምፁ ይቀጥናል፤ መጠኑም ትንሽ ይወርዳል። ሁለት ሦስት ዘፈን ላይ እጠቀምበታለሁ።

ፒክአፖቹ አልኒኮ 5 ማግኔት ያላቸው ናቸው። በስም የሚቀራረበው 112ጄ ሴራሚክ ነው የሚጠቀመው፤ የጥቅል መክፈያውም የለውም። ገላቸው ሁለቱም አልደር እንጨት ነው። ከነሱ በታች ያለው 012 ለመማሪያ ጥሩ ነው። ለመድረክ ግን 112ቪ ላይ ጀምሩ፤ ልዩነቱ ይገባዋል። ከላይ ያለው 612 ደግሞ የሲሞር ዳንከን ፒክአፕና ክር የሚቆልፍ መቃኛ ይዞ ይመጣል። በጣም ጥሩ ጊታር ነው። ገንዘቡ ካላችሁ ግዙት። ተበድራችሁ አትግዙት። በልዩነቱ ጥሩ ኬብል፣ ጠንካራ ቦርሳና የባለሙያ ማስተካከያ ታገኛላችሁ፤ እነዚህ በመድረክ ላይ ከፒክአፕ ስም ይበልጣሉ።

ስለ ያማሃ የምወደው አንድ ነገር አለ። ኩባንያው የተጀመረው በ1887 እ.ኤ.አ. ቶራኩሱ ያማሃ የአንድ ትምህርት ቤት ኦርጋን ሲጠግን ነው። መነሻው ጥገና ነው። ጊታሩን ፈትቼ ስገጥም ይህ ትዝ ይለኛል።

ከባድ ሮክ ብቻ ለሚጫወት ሰው ግን ፓሲፊካ የመጀመሪያ ምርጫዬ አይሆንም። ወፍራምና ጥቁር ድምፅ የሚፈልግ የኤፒፎን ሌስ ፖል ይሞክር። ሁለት ሀምበከር አለው፤ ክሩም አጠር ስለሚል ለጣት ይለሰልሳል። ብዙዎቹ ግን 4 ኪሎ ገደማ ይመዝናሉ። ሦስተኛው ሰዓት ላይ ትከሻ ይናገራል። የጊታሩ ራስ ሲወድቅ በቀላሉ እንደሚሰበርም አትርሱ።

ከፓሲፊካ ሌላ አንድ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ የስኩዋየር ክላሲክ ቫይብ ቴሌካስተርን እመርጣለሁ። ስኩዋየር የፌንደር ነው፤ ክላሲክ ቫይብ የሚባለውም ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ቴሌካስተር ከ1950ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ መሠረቱ አልተለወጠም። ሁለት ፒክአፕ፣ ሦስት ቦታ ያለው መምረጫ፣ የማይነቃነቅ ብሪጅ። ሊበላሽ የሚችለው ነገር ትንሽ ነው። ክር ቢበጠስ ሌሎቹ አይነቃነቁም። ጩኸቱን ግን ትታገሱታላችሁ፤ የተለመደው ዓይነት ሀምበከር የለውም። ሪትም የሚያበዛ ሰው ከእኔ ጋር አይስማማ ይሆናል፤ ቴሌውን ያስቀድም። አልከራከረውም።

ያገለገለ መግዛትም ጥሩ ነው፤ እንዲያውም ደስ ይለኛል። አንገቱ አምስት ስድስት ዓመት ቀጥ ብሎ ከቆየ ነገም ቀጥ ይላል የሚል እምነት አለኝ። ፍሬቶቹ ምን ያህል እንደተበሉ እዩ። ኬብል ሰክታችሁ መሰኪያውን በቀስታ አነቃንቁት። መምረጫውን አምስቱም ቦታ ላይ ደጋግማችሁ ውሰዱት መልሱት። ቮልዩሙን ከዜሮ እስከ መጨረሻው አዙሩት። መንኮሻኮሽ ካለ ዋጋ አስቀንሱ፤ ለመተው ግን ምክንያት አይሁን።

ሁለት ትንንሽ ነገሮች ላክል። የኬብሉን ጫፍ ከመሰካታችሁ በፊት በማንገቻውና በገላው መካከል አሳልፉት። ሰው ሲረግጠው ማንገቻው ይይዘዋል፤ መሰኪያው አይነቀልም። የመሰኪያው ዳዶ በማንኛውም ጊታር ላይ ይላላል። ወር በመጣ ቁጥር አጥብቁት፤ ዝም ካላችሁት ውስጥ ያለው ሽቦ እየተጠማዘዘ ይበጠሳል። ማንገቻውም እንዳይወልቅ የጎማ ሮንዴላ ከላዩ አድርጉበት። የሚቆልፍ ማንገቻ ካገኛችሁ የተሻለ ነው።

እኔ 10-46 ክር ነው የምጠቀመው። በየሁለት ሳምንቱ እቀይራለሁ። በአምስቱ ዓመት ውስጥ ጊታሩን በዓመት ሁለት ጊዜ ወደ ባለሙያ ወስጄዋለሁ። ፒክአፑም፣ መቃኛውም፣ መምረጫውም የመጣበት ነው።

ፍሬቶቹ ግን ደክመዋል። ከሦስተኛው እስከ ሰባተኛው፣ ኮርድ በብዛት የምይዝበት ቦታ፣ ክሩ ጎድጎድ አድርጎታል። ባለፈው ዓመት ባለሙያው ሞርዶ አስተካክሎልኛል። ዘንድሮ ሳሳየው ከእንግዲህ የሚሞረድ ብረት አልቀረም፣ መቀየር አለበት አለኝ። ጓደኞቼ በዚያ ገንዘብ ላይ ጨምረህ አዲስ ግዛ እያሉኝ ነው። ትናንት ማታ ከሥራ መልስ ጊታሩን አነሳሁና እንደ ጋሼ አነጣጥሬ አየሁት። አንገቱ ቀጥ እንዳለ ነው። የሚቀጥለው ሳምንት ሰኞና ማክሰኞ ሥራ የለኝም፤ ፍሬት ላስቀይር ቀጠሮ ይዣለሁ።